እርቅ በቀጥታ ስርጭት

«መጀመሪያ እንታረቃለን፣ ከዚያ እናስወጣቸዋለን» አለ ኤልሳዕ። «ሳንታረቅ ብናስወጣቸው ቂም ነው ይሉናል። ከታረቅን በኋላ ከሆነ ግን ልማት ነው። አንድ ሰው ክፉ አይለንም።» ይህን ያለው በጠዋቱ፣ በአባቱ ቤት ሳሎን ሶፋ ላይ እግሩን አጣጥፎ፣ ስቶክሆልም ካለ ጓደኛው ጋር በስልክ ሲያወራ ነው። እህቱ ጥሩነሽ ከግድግዳው ወዲያ፣ ጓዳ ውስጥ ሽንኩርት ትልጣለች። ግድግዳው ጭቃ ነው፤ በዚያ ቤት ሳሎን የተነገረ ጓዳ፣ ጓዳ የተንሾካሾኩት ሳሎን ይሰማል። ኤልሳዕ እዚያው ቤት ተወልዶ አድጎ ይህን መርሳቱ የስዊድን ግድግዳ ምን ያህል ወፍራም እንደሆነ ያሳያል። ጥሩነሽ ቢላዋውን አስቀምጣ ቆመች። «አዎ፣ ሱቁን ነዋ» አለ ኤልሳዕ ከወዲያ። «በሚመጣው ወር። ምድር ቤቱን ለባንክ እናከራያለን። ስሙን ደግሞ የሰላም ሕንፃ እንለዋለን።» ከዚያ ሳቀ፤ ጓደኛውም ከስቶክሆልም አብሮት ሳቀ።

ሱቁ የነአብዱልመጂድ ነው። የግቢውን ፊት ይዞ አስፋልቱን የሚያይ፣ ስኳርና ዘይት፣ ሳሙናና ክብሪት የሚሸጥበት፣ የሰፈሩ ሰው «ነገ እከፍላለሁ» እያለ ወር የሚከርምበት ሱቅ ነው። የአብዱልመጂድ አባት ከስልጤ መጥተው ከነኤልሳዕ አባት ተከራዩትና ከፈቱት፤ ሁለቱም አባቶች ካለፉ በኋላ አብዱልመጂድና ሚስቱ ናጂያ ይዘውት ቀጠሉ። ድሮ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ቦታ ነበር። ሶዶ የክልል መቀመጫ ከሆነች ወዲህ ግን አስፋልት የነካ መሬት ሁሉ ሰውን ያሳብደው ጀመር። መንገዱ ሰፋ፣ የእግረኛው ንጣፍ ተቀየረ፣ አምፖል በአምፖል ሆነ፤ አንድ ክፍል ቤት ሁለት ሺህ ብር የሚከራይበት ሰፈር ስድስት ሺህ ተጠራበት። ቢሮ ይዘው የመጡት ሰዎች መኪናቸውን ሱቁ በር ላይ እያቆሙ ግቢውን ወደ ውስጥ አየት ያደርጋሉ። ግቢው የሁለቱ ልጆች ነው፤ የኤልሳዕና የጥሩነሽ። ጥሩነሽ ባሏ ከሞተ ወዲህ እዚሁ ትኖራለች፤ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ናት፤ የአስተማሪ ደሞዝ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ ሁላችንም ስለምናውቀው እዚህ አልናገርም።

እርቁ ለማን አስፈለገ ቢባል፣ ለስቶክሆልም ነው። እዚህ ያለነው ከታረቅን ቆይተናል። ከተማችን ነባርና መጤ ተባብላ በተጋጨችበት በዚያ ግርግር ጊዜ ኤልሳዕ እዚያ አውቶቡስ ይነዳ ነበር፤ የተከበረ ሥራ ነው፤ ለእሱ ግን አልበቃውም። «ግብረ ኃይል» የሚባል ነገር አቋቁሞ ሊቀመንበር ሆነ። ማታ ማታ ከአውቶቡሱ ወርዶ፣ ሻወሩን ወስዶ፣ ስልኩ ፊት ቁጭ ይልና እኛን ያዋጋናል። አንድ ቀን «ከመጤ ሱቅ የሚገዛ ከሃዲ ነው» አለ። ብዙም ሳይቆይ ጎረምሶች የነአብዱልመጂድን ሱቅ ሰብረው ገቡ፤ የናጂያ ልጆች ጥሩነሽ ጓዳ ተደብቀው አደሩ። ከዚያ በኋላ ሰው ደከመው። ሽማግሌ ተቀመጠ፤ የጎረምሶቹ አባቶች ካሣ ከፈሉ፣ እናቶቻቸው ናጂያ ፊት ተንበርክከው አለቀሱ፤ ሱቁ ተጠግኖ ተከፈተ። ስቶክሆልም ግን መታረቅ አቃተው። እዚያ ያሉት የእኛ ልጆች በአንድ አዳራሽ ያመልኩ ነበር፤ በእኛ ጠብ ለሁለት ተከፈሉና ግማሹ ጠዋት፣ ግማሹ ከሰዓት ይገባ ጀመር። ሰርግ አይጠራሩም፣ ለቅሶ አይደራረሱም። አገር ቤት ሰላም ሲወርድ ደግሞ የባሰ ሆነ፤ ጠቡ እጃቸው ላይ ቀረ። አንዱ ወገን «ተሸጥን» ብሎ አኮረፈ። ሌላው ለዲያስፖራ ቦታ ይሰጣል ሲባል ቲኬት ቆረጠ። ኤልሳዕ ሁለቱንም አደረገ፤ በመጀመሪያ ተሸጥን አለ፣ ከዚያ ቲኬት ቆረጠ። ቦታ የሚሰጥበትን ሰልፍ ረዥም ሆኖ ቢያገኘው የአባቱ ግቢ ትዝ አለው። ግብረ ኃይሉንም «ሳሮ» ብሎ ሰየመው፤ በወላይትኛ ሰላም ማለት ነው። ቲሸርት አሳትሞ መጣ።

ለእርቁ የታሰበው በሬ ከጉኑኖ የመጣ ድልብ ነበር፤ ቤት ታስሮ በእጅ እየጎረሰ የሰባ። ባለቤቱ መቶ ስልሳ ሺህ ብር ሲለው ኤልሳዕ በልቡ ወደ ስዊድን ክሮና ቀየረና «ይሄማ እዚያ ለጥርስ ሐኪምም አይበቃም» አለ፤ ከዚያ በኋላ ሰውዬው ከዋጋው ንቅንቅ አላለም። ሥጋ ቆራጩ ደገፉ፣ የእነሱው ቤተ ክርስቲያን ሰው፣ በማለዳ ግቢው ውስጥ አርዶት ቆዳውን ሲገፍ ጥሩነሽ ውሃ ይዛለት ወጣች። ደገፉ ግቢውን ዘወር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እቴ ጥሩነሽ፣ የነአብዱልመጂድ በግስ የት አለ?»

በእኛ ከተማ ሙስሊምና ክርስቲያን አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም። ይህን በማድረጉ ማንም ማንንም ተቀይሞ አያውቅም። የሚደግስ ክርስቲያን በግ ለይቶ ይገዛና ለሙስሊም ጎረቤቱ ያስረክባል፤ ጎረቤቱ በራሱ እጅ አርዶ፣ በራሱ ድስት ሠርቶ፣ እዚያው ድንኳን ሥር ጎን ለጎን ይበላሉ። የነኤልሳዕ አባት በኖሩበት ዘመን ሁሉ እንዲህ አድርገዋል፤ በጉን እየጎተተ ወደ ሱቁ የሚወስደው ራሱ ኤልሳዕ ነበር። ጥሩነሽ ወደ ሳሎን ገባች። ወንድሟ ቲሸርቱን ለብሶ መስታወት ፊት ንግግሩን ይለማመዳል።

«ኤልሳዕ፣ የነናጂያ ምግብ…»

«አስቤበታለሁ» አላት ሳያስጨርሳት። «አንድ በሬ፣ አንድ ማዕድ። ቁም ነገሩ እሱ ነው። በቀጥታ ነው የሚተላለፈው፤ ሁሉም ከአንድ ትሪ ሲበላ ይታያል።» ከዚያ ዞር ብሎ በሁለት እጁ ትከሻዋን ያዛት። «ሚቼ፣ ሕንፃው ሲቆም አንቺ ሁለተኛ ፎቅ ነሽ። መታጠቢያሽ ክፍልሽ ውስጥ፣ ሙቅ ውሃ። በዚህ ዕድሜሽ በዝናብ ወደ ጓሮ መሮጥ ይበቃሻል።»

ሚቼ እህቴ ማለት ነው፤ ከመጣ ጀምሮ እንዲህ ብሎ ሲጠራት ይህ የመጀመሪያው ነበር። ጥሩነሽ ሙቅ ውሃውን ፈለገች። ጉልበቷን ያማታል፤ ሐምሌና ነሐሴ ጃንጥላ ይዞ ጓሮ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ የምታውቀው እሷ ናት። ስለዚህ «አይበሉም እኮ» የሚለውን ቃል ዋጠችና ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች። ክፍል ውስጥ ሕፃናቱን «እውነት ተናገሩ» ብላ የምትቆጣ ሴት ናት። እኔ ሙቅ ውሃ መፈለጓን አልነቅፍም። ዝም ማለቷን ግን እነቅፋለሁ፤ እሷም ኋላ ራሷን ከእኔ የበለጠ ነቅፋለች።

ረፋዱ ላይ ለስላሳ ልታዝ ወደ ሱቁ ሄደች። ናጂያ ባንኮኒው ላይ የባሏን ኮት ዘርግታ ትተኩሳለች፤ አዲስ ቀሚሷ ከሳሙናው መደርደሪያ ላይ ተሰቅሏል። ልጇ ሀኒያ እንቁላል ለሚገዛ ሰው መልስ ትቆጥራለች። ናጂያ ፊቷ በርቶ ነበር።

«ወላሂ ጥሩዬ፣ የሱቁ መሰበር ድሮ ወጥቶልኛል» አለች። «ጎረምሶቹን አላውቃቸውም፤ ወጣትነት ነው ብዬ ተውኩት። የኤልሳዕ ነገር ግን ሆዴ ቀርቶ ነበር። ሙሽራ ሆኜ እዚህ ስገባ ትንሽ ልጅ ነበር እኮ። ከዚህ ከረሜላ እየበላ ነው ያደገው። እሱ ነው በስልክ መጤ ያለኝ። ዛሬ ግን ከመጣልኝ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ከልቤ ነው የምተውለት።»

«ናጂዬ» አለች ጥሩነሽ።

«ወይ?»

ሀኒያ ቀና ብላ አየቻት። መንገድ ላይ አንድ ባጃጅ ጡሩምባውን እየነፋ አለፈ። «ለስላሳው ሦስት ሳጥን ይሁን» አለች ጥሩነሽ፣ እና ወጣች። ናጂያ በበሩ ብቅ ብላ ወደ ግቢው ተመለከተች፤ የታረደውን በሬ፣ ደገፉን፣ ባዶውን የበግ ቦታ አየች፤ ወደ ውስጥ ተመለሰች።

ወደ ቤት ስትመለስ ነው ጥሩነሽ መላ ያገኘች የመሰላት። ኤልሳዕን በጉን እንደ ረሳ ትተወዋለች። ማዕዱ ይቀርባል፤ እነአብዱልመጂድ አይነኩትም። እንግዲህ በእኛ ወግ እርቅ በንግግር አያልቅም፤ ሁለቱ ወገን አንድ ላይ ካልቀመሱ የተባለው ሁሉ እንዳልተባለ ነው። ካልቀመሱ እርቅ የለም፣ እርቅ ከሌለ ደግሞ ኤልሳዕ ራሱ እንዳለው ማስወጣቱ ቂም ይባላል፤ ያፍራል። ሁሉም ነገር እሷ አፏን ሳትከፍት ያልቃል፤ ሱቁም ይተርፋል፣ ወንድሟም አይቀየማትም፤ ሕንፃው በሌላ ጥግ ቢሠራ ሙቅ ውሃዋም አይቀርባትም። የፈሪ ዕቅድ ሁልጊዜ እንዲህ የተሟላ ነው። በዚህ ተጽናንታ የሥጋውን ማባያ ቃሪያ፣ ዳጣውን ፈጨች፣ ትሪ አጠበች፣ ወንበር ከቤተ ክርስቲያን አስመጣች፤ ለደገፉም በጉ እንደማያስፈልግ ነገረችው። ደገፉ ገርሞት አያት እንጂ አልጠየቀም። ወጪውን የቻለ ዲያስፖራ ሲሳሳት ማን ያርመዋል።

ከሰዓት ድንኳኑ ሞላ። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች በአንድ ወገን፣ አብዱልመጂድና ወንድሙ ጃዕፈር ከሌሎች ነጋዴዎች ጋር በሌላው ወገን ተቀመጡ። በመካከል የሰፈሩ ሽማግሌ ጋሽ ሀብተሚካኤል፤ የፊተኛውን እርቅ የመሩት እሳቸው ናቸው፤ ያን ጊዜ «የተናገረው ሰውዬ ራሱ ይምጣና ይቀመጥ፤ በእሱ ቦታ ሌላ ሰው አይታረቅም» ብለው ነበር። ከአንድ ጽሕፈት ቤት የመጣ ባለ ሱፍ ሰውም ፊት ተቀምጦ ሰዓቱን ያያል። ስልኩ በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ቆሞ ወደ ስቶክሆልም ይልካል። ኤልሳዕ ተነሣና ረዥም ንግግር አደረገ። ቁስል አለ፣ ድልድይ አለ፣ የጋራ ነገ አለ። «በማወቅም ባለማወቅም» አለ፤ «መጤ ብያችሁ ነበርና ይቅር በሉኝ» ግን አላለም። በስልኩ ላይ ልቦች እየተግተለተሉ ወጡ፤ ሌላው ጊዜ የማያናግሩት የከሰዓት ተሰብሳቢዎች ሳይቀሩ ልብ ላኩ ተብሏል። አብዱልመጂድ ዝምተኛ ሰው ነው። ተነሥቶ አቀፈውና «እኛ ቀድመን ትተናል፤ አባቶቻችን ጎረቤት ነበሩ» ብቻ አለ። ሰው አጨበጨበ፣ እልልታ ሆነ።

ከዚያ ሥጋው መጣ። ጥሬው በትልቅ ትሪ፣ ጥብሱ በሸክላ፣ ዳጣው በየጣባው። ኤልሳዕ ትሪውን በገዛ እጁ አንሥቶ እነአብዱልመጂድ ፊት አስቀመጠና ካሜራውን አየ። አብዱልመጂድ ትሪውን አየ። ጃዕፈር የለስላሳ ጠርሙሱን ከፍ አድርጎ ጠጣና አስቀመጠ። ከነጋዴዎቹ አንዱ ዳቦ ቆረሰ። ማንም ወደ ሥጋው እጁን አልሰደደም፣ ማንም ምክንያቱን አልተናገረም። ጋሽ ሀብተሚካኤል የያዙትን ቢላዋ ቀስ አድርገው አስቀመጡት።

«ማነው ያረደው?» አሉ።

«ደገፉ ነው» አለ ኤልሳዕ፤ ሲመልስ ገባው፤ እስከ ጆሮው ቀላ። «እኔ… ረስቼው ነው። እዚያ ከሱፐርማርኬት ስለምንገዛ…»

«አንተ ረሳህ። ቤቱ ሙሉ ሰው ነው፤ ሁሉ ረሳ?» አሉ ሽማግሌው፣ ጥሩነሽን እያዩ። «እነሱ ሳይቀምሱ እኔ አልቀምስም። ዛሬ እርቅ የለም፤ ሌላ ቀን ነው።» ጥሩነሽ ራሷን አቀረቀረች፤ በውስጧ ግን ደስ ብሏት ነበር። ኤልሳዕ የሚመለስበት ቲኬት ደርሷል፤ ሌላ ቀን የለውም።

ግን ናጂያን አልቆጠረቻትም። የግቢው በር ተከፈተና ናጂያና ሀኒያ ሰፊ ገበታ በሁለት ወገን ይዘው ገቡ። ሙቹዋ ነበር፤ ለጋ ቆጮ ከአይብ ጋር ተለውሶ፣ ቅቤው በላዩ ፈሶ። ጠዋት በጉ አለመኖሩን ካየች ጀምሮ ስትሠራ የዋለችው ይህን ነው። ጎረቤቶቿ በሰው ፊት እንዳያፍሩ ብላ ሠርታለች፤ አዲሱን ቀሚስ ለብሳ፣ ክንዷ ግን እስከ ክርኗ በቅቤ ወዝቶ ነበር። «ሥጋው ለሚበላው ይሁን» አለች እየሳቀች። «ይሄ የሁላችንም ነው፤ ቢላዋ አልነካውም። ጋሼ፣ ይሄስ ማዕድ አይደለም?» ጋሽ ሀብተሚካኤል ገበታውን አዩ፣ እሷን አዩ፣ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ነው እንጂ፣ ልጄ» አሉና ቆረሱ፤ አብዱልመጂድ ቆረሰ፤ ኤልሳዕ ሁለት እጁን አስገባ። እልልታው ቀለጠ። ባለ ሱፉ ሰው ሳይቀር ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሣ። እርቁ ሞላ፤ ናጂያ በገዛ ቆጮዋ ኤልሳዕ ከሱቋ እንዲያስወጣት መንገዱን ጠረገችለት፤ ይህን የሚያውቁት ደግሞ ግቢው ውስጥ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ጥሩነሽ ናጂያ አጠገብ ቆማ ነበር። አፈረች። ሕፃን ብትሆን ጮሃ ታለቅስ ነበር።

ኤልሳዕ ወዙን ከአፉ ጠርጎ ወደ ካሜራው ዞረ። «አሁን እህቴ፣ ወይዘሮ ጥሩነሽ፣ በጸሎት ትዘጋልናለች» አለ። የሴት ጸሎት ለመዝጊያ ያምራል ብሎ አስቦ ይሆናል። ሰው ሁሉ ተነሣ፤ የእነሱ ወገን ዓይኑን ጨፈነ፣ እነአብዱልመጂድ በአክብሮት አቀረቀሩ። በዚያ ቤተ ክርስቲያን አንዴ የተጀመረ ጸሎት አይቋረጥም፤ መጋቢም ሽማግሌም ወንድምም ቢሆን «አሜን» ከማለት በቀር የሚያደርገው የለም።

«አባት ሆይ» አለች ጥሩነሽ፤ «ስለዚህ ቀን እናመሰግንሃለን።»

«አሜን» አለ ሰው።

«ስለ ናጂያ እጅ እናመሰግንሃለን።»

«አሜን!»

«ዛሬ ጠዋት ወንድሜ በስልክ የተናገረውን አንተ ሰምተሃል። እኔም ጓዳ ሆኜ ሰምቻለሁ፤ ሰምቼም ዝም ብያለሁ፤ ይቅር በለኝ።»

«አሜን» አለ ሰው፣ ትንሽ ቀዝቀዝ ብሎ።

«መጀመሪያ እንታረቃለን፣ ከዚያ እናስወጣቸዋለን ብሏል። በሚመጣው ወር ሱቁን አስለቅቆ ሕንፃ ሊሠራበት ነው።»

ሁለት ሦስት ሰው ከልማድ የተነሣ «አሜን» አለ፤ ወዲያው ያሉት ነገር ገብቷቸው አፋቸውን ያዙ። አንዲት ሴት ብቻ ቆይታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ለብቻዋ አለችው። ኤልሳዕ አንድ እርምጃ ወደ እህቱ ተራመደና ቆመ፤ ያስቆመው ሰው የለም፤ ጸሎቱ ነው ያስቆመው።

«ጌታ ሆይ፣ ይህ ግቢ ግማሹ የእኔ ነው። እኔ በሕይወት እስካለሁ ድረስ እነናጂያን ለሚያስወጣ ሥራ ድርሻዬን አልሰጥም። ፎቁንም አልፈልግም። ሙቅ ውሃውንም አልፈልግም። ይህን በሕዝብህ ፊት ተናግሬያለሁ፤ ባፈርሰው አንተ ፍረድብኝ። በኢየሱስ ስም።»

ከዚያ ጋሽ ሀብተሚካኤል፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ ከደረታቸው አውጥተው «አሜን» አሉ፤ ሰው ሁሉ ተከተላቸው። ሰው ዓይኑን ሲገልጥ ኤልሳዕ ብቻ እንደ ጨፈነ ቆሞ ነበር። ስልኩ ግን እንደ በራ ነው። የልቦቹ መዓት ቆሟል፤ በቦታው ጽሑፍ እየተጣደፈ ይወጣል፣ የጠዋቱም የከሰዓቱም ሰዎች በአንድነት ይጽፋሉ።

ናጂያ ጥሩነሽን አየቻት። «እውነት ነው?» አለች ቀስ ብላ። ጥሩነሽ ራሷን ነቀነቀች። ናጂያ እጇን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፤ አልጮኸችም፣ አልተራገመችም። ገበታውን ጎተት አደረገችና ካሜራው ፊት፣ ኤልሳዕ ደረት ዘንድ አደረሰችው።

«ገና መች ጠገብክ» አለችው። «ብላ።»

ኤልሳዕ ወደ ስልኩ አየ፣ ወደ ሽማግሌው አየ፣ ወደ እህቱ አየ። ሁሉም ይጠብቃል። እጁን ሰደደና ቆረሰ፤ ስቶክሆልም እያየው እያላመጠ ቆመ፤ መዋጥ አቃተው።